መድኃኒቱ «በአይጥ ላይ ጉዳት አሳይቷል» ሲባል ምን ማለት ነው?

በዚህ ዕትም የጤና ዓምዳችን ስለ ፈንገስ መድኃኒቶች ጥቂት እናወጋለን። ርእሱ የሐኪሞችና የተመራማሪዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ እጁ ከውኃ፣ ከሳሙናና ከበረኪና ለማይወጣ ሰው ፈንገስ ሩቅ ነገር አይደለም። በጣቶች መካከል እየላላጠ የሚያሳክከው፣ የጥፍርን ዙሪያ የሚያሳብጠው፣ ጥፍርን አወፍሮ ቀለሙን የሚለውጠው ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው። አገር ቤት ደግሞ የልጆችን ራስ የሚይዘው ቆረቆር፣ ገላ ላይ ክብ እየሠራ የሚወጣው ጭርት፣ አንገትና ደረት ላይ የሚታየው ቋቁቻ ሁሉም የዚሁ ወገን ናቸው። ከዚህ ሆናችሁ ለልጃችሁ ወይም ለወንድማችሁ ልጅ የቆረቆር መድኃኒት መግዣ የላካችሁም ትኖራላችሁ።

ከመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ የምትወጣውን ቀጭን ወረቀት በስልክ አስተርጉሞ ያነበበ ሰው አንድ የሚያስደነግጥ አረፍተ ነገር ያጋጥመዋል፤ «በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ የክሮሞሶም ጉዳት ታይቷል» የሚል። እዚህ ላይ ሰው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ደንግጦ መድኃኒቱን ይጥላል፤ የጀመረውንም ሕክምና ያቋርጣል። ሌላው ደግሞ «እኔ አይጥ አይደለሁም» ብሎ ሳይጠይቅ ይውጣል። ሁለቱም ያንን አረፍተ ነገር አላነበቡትም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው ቃል እንዴት ባለ ምርመራ እንደሚገኝ፣ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ካወቅን ግን ለማን፣ መቼና ስንት ጊዜ እንደሚያሰጋ ለይተን መጠየቅ እንችላለን። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማም ይኸው ነው።

የፈንገስ መድኃኒት ለምን በተለይ ይመረመራል?

ፈንገስ ማለት እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ፣ ሊጥ የሚያቦካው እርሾ፣ ከዝናብ በኋላ የሚበቅለው እንጉዳይ የሚገኙበት ትልቅ ወገን ነው። ከባክቴሪያ የሚለይበት ዋና ነገር አለ። የባክቴሪያ ሕዋስ አሠራሩ ከእኛ ሕዋስ በጣም የራቀ ስለሆነ እርሱን የሚገድል መድኃኒት እኛን ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። የፈንገስ ሕዋስ ግን እንደ እኛ ሕዋስ ኒውክሊየስ አለው፤ ዘረ-መሉን በክሮሞሶም ጠቅልሎ ይይዛል፤ ሲከፋፈልም እንደ እኛው በክር እየጎተተ ነው። በአሠራር ዘመዳችን ነው ብንል ያስኬዳል። ስለዚህ ፈንገሱን የሚመታ መድኃኒት የእኛንም ሕዋስ እንዳይነካ መመርመር ግዴታ ይሆናል።

ለምሳሌ የምንወስደው ግሪሶፉልቪን የተባለውን መድኃኒት ነው። ቆረቆርንና ጭርትን ለማከም በብዙ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ የሚሰጥ ክኒን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የሚገርመው ይህ የፈንገስ መድኃኒት ራሱ ከሻጋታ የተገኘ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ፔኒሲሊየም ከተባለው የሻጋታ ወገን ለይተው አወጡት። እ.ኤ.አ. በ1958 በግላስጎው ጄንትልስ የተባሉ ተመራማሪ ጭርት የያዛቸውን ጊኒ ፒግ የተባሉ ትናንሽ እንስሳት በአፍ በሚሰጥ ግሪሶፉልቪን እንዳዳኑ ጻፉ። ከዚያ በፊት ለቆረቆር በአፍ የሚወሰድ አስተማማኝ መድኃኒት ስላልነበረ የልጆችን ራስ በራጅ ጨረር ጸጉሩ እስኪረግፍ ድረስ ማከም የተለመደ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መድኃኒቱ ለሰው መሰጠት ጀመረ።

የሕዋስ እንዝርት

መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት አንድ ሕዋስ ሁለት ሲሆን የሚፈጸመውን እንመልከት። የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞሶም አለው፤ የአይጥ ደግሞ 40። ሕዋሱ ከመከፈሉ በፊት እያንዳንዱን ክሮሞሶም ይገለብጥና ሁለት ያደርገዋል። ከዚያም ከሕዋሱ ከሁለቱም ጫፍ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ይዘረጋሉ፤ ክሮሞሶሞቹን ይይዛሉ፤ አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ ይጎትታሉ። ክሮቹ ተሰብስበው ሲታዩ መኻሉ ወፍሮ ጫፍና ጫፉ የቀጠነ ቅርጽ ስላላቸው ሳይንቲስቶች በየቋንቋቸው «እንዝርት» ብለው ሰይመውታል። እናቶቻችን ጥጥ የሚፈትሉበትን እንዝርት ያየ ሰው ስያሜው ይገባዋል።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ዓይነት ጉዳት ሊደርስ ይችላል። አንደኛው ክሮሞሶሙ ራሱ መሰበሩ ነው። ይህ ጨርቁ እንደ መቀደድ ነው። ሁለተኛው ክሮሞሶሙ ሳይሰበር ክሩ ተበላሽቶ አከፋፈሉ መዛባቱ ነው፤ አንዱ ሕዋስ ትርፍ ሲወስድ ሌላው ይጎድልበታል። ይህ ጨርቁ ደኅና ሆኖ ሳለ ድርሻው ተሳስቶ እንደ መከፋፈል ነው። ግሪሶፉልቪን የሚነካው ክሮቹን ነው። የፈንገሱን ክር ስለሚያውክበት ፈንገሱ መከፋፈል ያቅተዋል። ክሩ የሚሠራበት ፕሮቲን በእኛም ሕዋስ ውስጥ ስላለ ጥያቄው ይነሣል፤ የእኛንስ?

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

ለዚህ ጥያቄ አንድ ምርመራ ብቻ አይበቃም። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ በባክቴሪያ ላይ የሚደረግ ነው። በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ኤምስ የተባሉ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፉት ሲሆን በስማቸው የኤምስ ምርመራ ይባላል። መድኃኒቱ የባክቴሪያውን ዘረ-መል ፊደል እንደሚለውጥ ያሳያል። ርካሽና ፈጣን ነው። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው፤ ባክቴሪያ እንደ እኛ ያለ እንዝርት የለውም። ስለዚህ እንዝርትን ብቻ የሚያውክ መድኃኒት ይህን ፈተና ሳይያዝ ሊያልፍ ይችላል። ግሪሶፉልቪንም በባክቴሪያ ምርመራ ጉዳት አላሳየም። በዚያ ውጤት ብቻ ቢፈረድ ኖሮ ነጻ ተብሎ ይለቀቅ ነበር።

ሁለተኛው በሕያው እንስሳ ላይ የሚደረገው ነው። እንስሳ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ የተዋጠ መድኃኒት በአንጀት አልፎ፣ በጉበት ተለውጦ፣ በደም ተሸክሞ ነው ሕዋስ ዘንድ የሚደርሰው። ይህን ሁሉ ጉዞ ብርጭቆ ውስጥ ማስመሰል ያስቸግራል። ከእነዚህ ምርመራዎች በጣም የተለመደው በአይጥ የአጥንት መቅኔ የሚሠራው ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የሚባለው ዓለም አቀፍ ተቋም ለዚህ ምርመራ 474 ቁጥር የተሰጠው መመሪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 ወጥቶ እየተሻሻለ የመጣ ሲሆን፣ በ2014 የወጣው ማሻሻያ የሚቆጠሩትን ሕዋሳት ቁጥር ከፍ አድርጎታል።

መቅኔ የተመረጠበት ምክንያት የረቀቀ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ የሚወለደው በመቅኔ ውስጥ ነው። ሲያድግ ከሌሎች ሕዋሳት የሚለይበት አንድ ነገር ያደርጋል፤ ኒውክሊየሱን አውጥቶ ይጥላል። ተከራይ ዕቃውን ጠቅልሎ እንደ ለቀቀበት ቤት ባዶ ይሆናል። ዕቃ በሞላበት ክፍል ውስጥ ወለል ላይ የወደቀች ቁራጭ ጨርቅ አትታይም። ባዶ ቤት ውስጥ ግን ከበር ላይ ሆኖ ያያታል ሰው። ልክ እንደዚሁ ከክሮሞሶም የተሰበረ ቁራጭ፣ ወይም ክር ስቶት ወደኋላ የቀረ ሙሉ ክሮሞሶም ካለ፣ ባዶ በሆነው ወጣት ቀይ ሕዋስ ውስጥ እንደ ትንሽ ነጥብ ጎልቶ ይታያል። ይህች ነጥብ «ትንሿ ኒውክሊየስ» ትባላለች። ምርመራው በአጭሩ እርሷን መቁጠር ነው።

አሠራሩ ጥንቃቄ የበዛበት ነው። አይጦቹ በቡድን ይከፈላሉ። ቢያንስ ሦስቱ ቡድኖች መድኃኒቱን በተለያየ መጠን ያገኛሉ፤ አነስተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ። አንዱ ቡድን መድኃኒቱ የሌለበትን ማሟሚያ ብቻ ያገኛል። ሌላው ቡድን ደግሞ ዘረ-መልን እንደሚጎዳ አስቀድሞ የታወቀ ነገር፣ ለምሳሌ ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን የካንሰር መድኃኒት፣ ይሰጠዋል። ይህ የመጨረሻው ለምን ያስፈልጋል? ቆጣሪዎቹ ጉዳት ሲኖር ማየት መቻላቸውን ለማረጋገጥ ነው። ወንፊቱ ቀዳዳ እንደሌለው ሳይታወቅ «ምንም አልተገኘም» ቢባል ማን ያምናል?

ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ መቅኔው ተወስዶ በመስታወት ላይ ይቀባል፤ በቀለምም ይነከራል። ወጣቱ ሕዋስ ከአሮጌው በቀለሙ ይለያል። መስታወቶቹ በምስጢር ቁጥር ብቻ ስለሚታወቁ የሚቆጥረው ሰው የትኛው አይጥ መድኃኒት እንዳገኘ አያውቅም። በአዲሱ መመሪያ መሠረት ከእያንዳንዱ አይጥ ቢያንስ 4000 ወጣት ሕዋሳት ይታያሉ። ጤነኛ አይጥም ጥቂት ነጥቦች አያጡትም። ስለዚህ የሚፈለገው «ነጥብ አለ ወይ?» የሚል መልስ ሳይሆን «መድኃኒቱን ባገኙት ላይ ከሌሎቹ በግልጽ ጨምሯል ወይ? መጠኑ ሲጨምር ነጥቡም ይጨምራል ወይ?» የሚለው ነው። በተጨማሪም መድኃኒቱ እስከ መቅኔ መድረሱ መታወቅ አለበት። ያልደረሰበትን ቦታ አልጎዳም ማለት ምስክርነት አይሆንም።

የግሪሶፉልቪን ውጤት

መቅኔ ብዙ ያሳያል፤ ሁሉን ግን አያሳይም። የሚቀጥለው ትውልድ የሚመጣው ከመቅኔ ሳይሆን ከሴት እንቁላልና ከወንድ ዘር ነው። ስለዚህ እንዝርትን ያውካል ተብሎ የተጠረጠረ መድኃኒት በእነርሱም ላይ መታየት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች ለሴት አይጦች እንቁላል በሚበስልበት ሰዓት ግሪሶፉልቪን ሰጡ። ከዚያ እንቁላሎቹን እያወጡ ክሮሞሶማቸውን ቆጠሩ። የአይጥ እንቁላል 20 ክሮሞሶም ሊኖረው ይገባል። ከእነዚህ እንቁላሎች መካከል ግን ቁጥራቸው የተዛባ ተገኘ፤ የእንቁላሎቹም መብሰል ዘገየ። ክሮሞሶሞቹ አልተሰበሩም፤ አከፋፈላቸው ነው የተዛባው። ይህ መድኃኒቱ ፈንገሱን የሚመታበት መንገድ ስለሆነ ከሚጠበቀው ጋር የተስማማ ነበር።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? በሰውም ዘንድ የክሮሞሶም ቁጥር መዛባት የታወቀ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚከሰቱት የጽንስ መጨንገፎች ግማሽ ያህሉ ከዚህ ጋር ይያያዛሉ። አብዛኞቹ ያለ ምንም መድኃኒት በተፈጥሮ የሚደርሱ ናቸው፤ ስለዚህ ጽንስ የወረደባት እህት «እኔ በበላሁት፣ በዋጥኩት ነው» ብላ ራሷን እንዳትወቅስ አደራ እንላለን። ሆኖም በተፈጥሮ ባለው ላይ መጨመር የሚችል መድኃኒት መኖሩ ከታወቀ ጥንቃቄ ማድረግ ተገቢ ነው።

ጥንቃቄው በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ እንዲህ ተጽፎ ይገኛል። ነፍሰ ጡር ግሪሶፉልቪን መውሰድ የለባትም። የምትወስድ ሴት ሕክምናው ላይ እያለችና ከጨረሰች በኋላ ለአንድ ወር ከማርገዝ መቆጠብ አለባት። ወንድ ደግሞ መድኃኒቱን ከጨረሰ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ሳይሞላ ልጅ ባይወልድ ይመከራል። ከዚህ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት ግሪሶፉልቪን የእርግዝና መከላከያ ክኒንን ኃይል ሊቀንስ መቻሉ ነው። ክኒኑን አምና የተቀመጠች ሴት ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። ለዕረፍት አገር ቤት ለመሄድ የተዘጋጀች፣ ወይም ተመልሳ ትዳር ለመያዝ ያሰበች እህት ይህን ቀድማ ማወቅ ይጠቅማታል። ባሏ ወይም እጮኛዋ መድኃኒቱን እየወሰደ ከሆነም እንዲሁ።

ሌላም ውጤት አለ። ለረጅም ጊዜ ግሪሶፉልቪን በምግብ የተሰጣቸው አይጦች የጉበት ዕጢ ወጥቶባቸዋል። በዚህም ምክንያት ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም መድኃኒቱን «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው በ2ለ ምድብ አስቀምጦታል። በሰው ላይ ግን በቂ ማስረጃ አልቀረበም። ይህ ምድብ የማስረጃውን ብርታት እንጂ የአደጋውን መጠን አይለካም። ከሙሉው የእሬት ቅጠል የሚወጣው ጭማቂም በዚያው ምድብ ውስጥ እንደሚገኝ ብንነግራችሁ ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል።

ንጹሕ ውጤት ያገኘው መድኃኒት

አሁን ወደ ሌላው እንለፍ። ፍሉኮናዞል በዚህ አካባቢ በየፋርማሲው የሚታወቅ የፈንገስ ክኒን ነው። ብዙ ጊዜ ለማሕፀን በር አካባቢ ማሳከክና ፈሳሽ 150 ሚሊግራም አንዱ ክኒን ይሰጣል። የሚሠራው የፈንገሱን ሽፋን በማዳከም እንጂ ክሩን በመንካት አይደለም። በባክቴሪያ፣ በአይጥ መቅኔና በሰው የደም ሕዋስ ላይ ተመርምሮ የክሮሞሶም ጉዳት አላሳየም። በዘረ-መል ምርመራ ረገድ ንጹሕ ነው።

ታዲያ ለነፍሰ ጡር ደኅና ነው ማለት ነው? አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በእርግዝና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየቀኑ ከ400 እስከ 800 ሚሊግራም ለረጅም ጊዜ የወሰዱ እናቶች ልጆች ላይ ከወትሮው የተለየ የአካል ጉድለት መታየቱን ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በዴንማርክ የተደረገ ሰፊ ጥናት በእርግዝና ጊዜ ፍሉኮናዞል በዋጡ ሴቶች ላይ የጽንስ መውረድ በዝቶ ማግኘቱን አሳወቀ። ስለዚህ ዛሬ ለነፍሰ ጡር የሚመከረው በላይ የሚቀባው ወይም በማሕፀን በር የሚገባው መድኃኒት ነው፤ የሚዋጠው አይደለም።

ሦስተኛ ምሳሌ ኬቶኮናዞል ነው። የዚህም ክኒን በባክቴሪያ ምርመራ ዘረ-መልን የሚለውጥ ሆኖ አልተገኘም። ነገር ግን ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ አጠቃቀሙ በጥብቅ ተገደበ፤ በአውሮፓም ለፈንገስ ሕክምና የሚዋጠው እንዲቆም ተመከረ። ሻምፖውና ቅባቱ ግን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ አሁንም ይሠራባቸዋል።

እንግዲህ ከሦስቱ የምንማረው ይህ ነው። «ዘረ-መል አይጎዳም» የሚለው መልስ ለአንድ ጥያቄ ብቻ የተሰጠ መልስ ነው። ጉበትን፣ ጽንስን፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር መጋጨትን ሌላ ምርመራ ይመልሰዋል። «በአይጥ ላይ ጉዳት አሳይቷል» የሚለውም እንዲሁ ማንን፣ በምን መጠን፣ በየትኛው ጊዜ የሚል ማብራሪያ ይከተለዋል እንጂ «ለማንም አይሆንም» የሚል ፍርድ አይደለም።

ከአይጥ እስከ ሰው ያለው ርቀት

መጠኑን በተመለከተ አንድ ሒሳብ እንሥራ። በመቅኔው ምርመራ ጉዳት የማያሳይ መድኃኒት እስከ 2000 ሚሊግራም በአንድ ኪሎ ክብደት ድረስ ሊሰጥ ይችላል። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት በክብደት ብቻ ብናሰላው 100,000 ሚሊግራም ይሆናል፤ ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን 200 ፍሬ ማለት ነው። የግሪሶፉልቪን የአዋቂ መጠን ግን ብዙ ጊዜ በቀን 500 ሚሊግራም፣ አንዳንዴም 1000 ነው። ለአይጦቹ ብዙ የሚሰጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ጉዳት ካለ ተደብቆ እንዳይቀር።

ይህን ሰምታችሁ ግን «እንግዲያስ ምንም አይደለም» አትበሉ። አይጥ መድኃኒትን ከሰው ፈጥና ከሰውነቷ ስለምታስወጣ ሒሳቡ በኪሎ ብቻ አይሠራም፤ ርቀቱ ከሚመስለው ያነሰ ነው። ከዚያም በላይ አይጧ የወሰደችው ለአጭር ጊዜ ሲሆን የጥፍር ፈንገስ ያለበት ሰው ለወራት ይወስዳል። ሐኪሞች የሚያመዛዝኑት ይህንን ነው። የጥፍር ፈንገስ ሕይወት አያጠፋም፤ እርግዝና እስኪያልፍ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር አደጋው ትንሽ ቢሆንም እንኳ መውሰዱ አያዋጣም። በሌላ በኩል ራሱ በቆረቆር የቆሰለ፣ ጸጉሩ የረገፈ፣ ከጓደኞቹ የተገለለ ልጅ በቅባት ብቻ አይድንም፤ ፈንገሱ ከጸጉሩ ሥር ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ግሪሶፉልቪን ከ60 ዓመት በላይ ለልጆች ሲሰጥ የኖረ መድኃኒት ነው። ሐኪም አይቶ ካዘዘው «በአይጥ ላይ እንዲህ ሆነ» ተብሎ መቋረጥ የለበትም። የሚቋረጥ ከሆነ በሽታው ይመለሳል፤ ሌሎቹንም ልጆች ይይዛል።

እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መድኃኒት አትዋዋሱ። ግሪሶፉልቪን ጭርትንና ቆረቆርን የሚያመጣውን ፈንገስ ይመታል እንጂ እርሾ መሰሉን ካንዲዳ አይነካም፤ ለቋቁቻም አይሠራም። በውኃ ብዛት በጣቶች መካከልና በጥፍር ዙሪያ የሚወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ካንዲዳ ነው። ከባልንጀራችሁ ተቀብላችሁ ለወራት ብትውጡት ጥቅሙን ሳታገኙ ሥጋቱን ብቻ ትሸከማላችሁ። የሚያሳክክ ሁሉ ፈንገስ አለመሆኑንም አስታውሱ፤ ሳሙናና በረኪና ራሳቸው እጅን ያቆስላሉ።

ሁለተኛ፣ ለትንሽ ቁስል በቅባት ጀምሩ። እንደ ክሎትሪማዞል ያሉ ቅባቶች ወደ ደም የሚገቡት በጣም ጥቂት ነው። ማሳከኩ በፍጥነት እንዲጠፋ ተብሎ ስቴሮይድ የተቀላቀለበትን ወይም ፊት ለማንጣት የሚሸጠውን ቅባት ግን አትቀቡበት፤ ለጊዜው መቅላቱን ቢያጠፋም ፈንገሱ ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል።

ሦስተኛ፣ የሚዋጥ ከሆነ ከመውሰዳችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፤ የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? ስንት ጊዜ ይወሰዳል? ለነፍሰ ጡር ይከለከላል ወይ? ከእርግዝና መከላከያና ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጋጫል ወይ? በዓረብኛ «ሐዛ ደዋ ማምኑዕ ሊል-ሐሚል?» ማለት «ይህ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው?» ማለት ነው። ስለ መድኃኒቱ መጠየቅ ስለ ራስ መናገር አይደለም። እርጉዝ መሆን አለመሆናችሁን ለማንም ሳትገልጹ፣ ማዳም አጠገባችሁ ብትቆምም እንኳ፣ ለማንኛዋም ሴት የሚገባውን ጥያቄ ጠይቃችሁ መልሱን ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ።

አራተኛ፣ ግሪሶፉልቪን የታዘዘላችሁ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰዱት፤ እንዲያ ሲሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ቆዳን ለፀሐይ ስሱ ስለሚያደርግ ልብስ ለማስጣት ሰገነት ላይ ስትቆዩ ተሸፈኑ። የጉበት ሕመም ያለባችሁ ቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ወረቀቱን አትጣሉት፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙት።

አምስተኛ፣ ለአገር ቤት መድኃኒት የምትልኩ፣ ክኒኑን ከዚህ ከመላክ ይልቅ የሕክምናውን ገንዘብ ብትልኩ ይሻላል። የልጅ መጠን በክብደቱ ስለሚሰላ ለአዋቂ የተሠራውን በግምት ቆርሶ መስጠት ያሳስታል። ልጁን የያዘችው እናት ወይም አያት ጸጉሩ መብቀል ሲጀምር «ዳነ» ብላ እንዳታቆም በስልክ አስታውሷት፤ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ከሁሉም በፊት ግን እጃችሁን አድርቁ። ዕቃ ካጠባችሁ በኋላ የጣቶቻችሁን መካከል በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ከጎማ ጓንት ሥር ስስ የጥጥ ጓንት ብታደርጉ ላቡን ይመጥላችኋል፤ እርሱንም እያጠባችሁ በፀሐይ አስጡት። ፈንገስ እርጥበት ካላገኘ አይመቸውም፤ ክኒኑም፣ የአይጡም ነገር፣ ወረቀቱም ሳያስፈልጋችሁ ይቀራል።

በሚቀጥለው ዕትም በሌላ የጤና ርእስ እስክንገናኝ ድረስ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማትችል እህት አንብቡላት። ቸር እንሰንብት።